ከካሜራው እስከ ወረቀቱ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ያረፉት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ በካሜራው ወይም በስልኩ ላይ ያማረ ፎቶ ቤት ባለው ፕሪንተር ሲታተም ለምን ሌላ መልክ ይይዛል? ፎቶ ማንሳት መተዳደሪያዬ አይደለም፤ ነገር ግን ያነሳሁትን በቤቴ አትሜ ለዘመድ ወዳጅ ማደልን ከማንሳቱ እኩል ስለምወድ፣ ባለፉት ዓመታት እየሠራሁ የተማርኩትን ሳልቆጥብ አካፍላለሁ።

ጥያቄ፦ በጥምቀት ዕለት ነጭ የለበሱ እኅቶቼን አነሳኋቸው። ኮምፒውተሬ ላይ ሳየው ፎቶው ደኅና ነበር፤ ሳትመው ግን ፊታቸው ጠቁሮ ወጣ። ጥፋቱ የካሜራው ነው ወይስ የፕሪንተሩ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ካሜራውም ድርሻ አለው፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ግን በሁለቱ መካከል ያለው የኮምፒውተርዎ ስክሪን ነው። ከካሜራው ልጀምር። ብርሃኑን ራሱ ለክቶ እንዲወስን የተተወ ካሜራ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ቢደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ነው የሚያሰላው። ስለዚህ ምስሉን የሞላው ነጭ ነጠላና ቀሚስ ሲሆን ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ በዚህም ነጩ ወደ አመድማነት ይሄዳል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ይጨልማል። መድኃኒቱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ ብርሃኑን ከግማሽ እስከ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። ብርሃኑን ከፊት ላይ ብቻ ልለካ ካሉም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ካሜራው ጠይሙንም ፊት ግራጫ ሊያደርገው ስለሚሞክር፣ ፊቱን ከእውነተኛ መልኩ አንጽቶ የነጠላውን ጥለት ጭምር ያቃጥለዋል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ሰዎቹን ከፀሐይ አውጥቶ ጥላ ሥር ማቆም ነው። በአገራችን የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ከቅንድብ ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች፤ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ድረስና ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ፊትን ያለሰልሳል።

ወደ ስክሪኑ ስንመጣ፣ ስክሪን የራሱን ብርሃን ይረጫል፤ ወረቀት ግን የክፍሉን ብርሃን ከመመለስ በቀር የራሱ የለውም። ማታ በደብዛዛ ክፍል ውስጥ ብርሃኑ እስከ መጨረሻ በተከፈተ ስክሪን ላይ ፎቶ የሚያስተካክል ሰው፣ ጨለማውን ፊት ስክሪኑ ስለሚያበራለት ጉድለቱ አይታየውም። እኔ ይህን የተማርኩት እናቴን በፋሲካ ማግስት ግቢ ውስጥ ቡና ስታፈላ ካነሳኋት ፎቶ ነው። በስክሪኑ ላይ የጀበናው ጭስ እንኳን ሳይቀር ይታይ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ግን ጭሱ ጠፍቶ፣ የቀሚሷ ጥበብ ደብዝዞ፣ ፊቷ ከኋላዋ ካለው የጭቃ ግድግዳ ጋር ተመሳስሎ ወጣ። ሦስት ጊዜ አሳተምኩት፤ ሦስቱም ያው ነበሩ። በአራተኛው አንድ ነጭ ወረቀት መስኮቱ አጠገብ ካለው ስክሪን ጎን አቁሜ፣ የስክሪኑ ነጭና የወረቀቱ ነጭ እስኪቀራረቡ ድረስ ብርሃኑን ዝቅ አደረግሁት፤ ያን ጊዜ ፎቶው በስክሪኑም ላይ ጨለማ መሆኑ ታየኝ። እርስዎም ይህን ያድርጉና ፎቶውን እንደገና ያስተካክሉት። ከዚያም ትልቁን ከማተምዎ በፊት አንዱን ፎቶ በሦስት የብርሃን ደረጃ በአንድ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አትመው፣ ጥቂት ደቂቃ እስኪደርቅ ጠብቀው፣ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ያወዳድሩ። ቢጫ አምፖል ሥር የተመረጠ ፎቶ ጠዋት ሲያዩት ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ ቀለም ታንክ ፕሪንተር ከገዛሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። አሁን ፊት ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ በላዩም ነጫጭ መስመር አለበት። ቀለሙ ግን ሙሉ ነው። ሰፈራችን መብራት ይመላለሳል። (ከሀዋሳ)

መልስ፦ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ መልሱን ይዛለች። የዚህ ዓይነት ፕሪንተር ቀለሙን የሚረጨው ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ የሚረጨው ክፍል ወደ ጠርዝ ሄዶ ቀዳዳዎቹ እንዳይደርቁ በሚከድን ጎማ ላይ ይቀመጣል። በማተም ላይ እያለ መብራት ከጠፋ ግን ያ ክፍል ሳይከደን በመንገድ ላይ ይቀራል፤ ሳይከደን ባደረ ቁጥርም ቀለሙ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይደርቃል። ፊት አረንጓዴ የሚሆነው ማጀንታ የሚባለው ቀይ ሐምራዊ ቀለም ሲቋረጥ ነው። የተዘጋው ሰማያዊው ቢሆን ኖሮ ፊቱ ይቀላ ነበር፤ ቢጫው ቢሆን ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይሄድ ነበር።

በመጀመሪያ ከፕሪንተሩ ምናሌ ውስጥ ቀዳዳዎቹን የሚፈትሸውን ገጽ ያትሙና የተቆራረጠው የትኛው ቀለም እንደሆነ በዓይንዎ ያረጋግጡ። ቀጥለው ማጽጃውን አንዴ ወይም ሁለቴ ያስኬዱ፤ ካልተሻለው ያጥፉትና ሌሊቱን ይተዉት፤ የደረቀው ቀለም በአዲሱ እየራሰ ስለሚለቅ፣ በማግስቱ አንድ ጊዜ ማጽዳት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በተከታታይ አሥር ጊዜ እንዳያጸዱ አደራ እላለሁ። ማጽጃው የሚሠራው ቀለሙን በኃይል ስቦ በማውጣት ነው፤ የወጣው ቀለም ደግሞ ፕሪንተሩ ሥር ባለ ስፖንጅ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስፖንጁ ሞላ ብሎ ፕሪንተሩ ሲቆጥር ሥራ አቁሞ ጥገና ይጠይቃል።

ለወደፊቱ፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚያትሙት ነገር ባይኖርም ፕሪንተሩን ወዲያውኑ ያብሩት፤ ያ ክፍል ወደ ቦታው ተመልሶ ይከደናል። ሲያጠፉትም በራሱ ቁልፍ ያጥፉት እንጂ ከማከፋፈያው ላይ አይንቀሉት። በሳምንት አንድ ጊዜ ሁሉም ቀለም ያለበትን ትንሽ ፎቶ ማተም ከማጽጃው ይልቅ ቀለም ይቆጥባል። ስታቢላይዘር ከኃይል መዋዠቅ ይከላከላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አይደርስልዎትም፤ የሚጠቅመው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር ብዙ ኃይል ስለማይወስድ ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃዋል፤ ሌዘር ፕሪንተር ግን በሚሞቅበት ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ከትንሽ ዩፒኤስ ጋር እንዳያገናኙት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከልኝን የሰርግ ፎቶ በኤ4 ሳትመው ደበዘዘ። እሱ ግን ካሜራው 24 ሜጋፒክስል ነው ይለኛል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድምዎ እውነቱን ነው፤ ፎቶው የተቀነሰው በመንገድ ላይ ነው። የላከልዎ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ከሆነ፣ ቴሌግራም በተለመደው አላላኩ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። የኤ4 ረጅሙ ጎን 29.7 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ያ ምስል በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያገኘው 110 ያህል ፒክስል ብቻ ነው፤ በእጅ ተይዞ በቅርብ ለሚታይ ጥሩ ኅትመት የሚፈለገው ደግሞ 300 ነው። ይኸው ፋይል በ10 በ15 ወረቀት ላይ ቢታተም ከ200 በላይ ስለሚያገኝ ደኅና ይመስላል። ወንድምዎ ፎቶውን እንደገና “ፋይል” በሚለው አማራጭ ይላኩልዎ፤ እንደዚያ ሲላክ አይነካም። ያኔ 24 ሜጋፒክስሉ ለኤ4 ተርፎ ለኤ3 ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ ካሜራዬ ላይ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቼው ነበር። አሁን የካሜራው ፎቶዎች ከስልኬ ፎቶዎች ጋር ተደበላልቀው ቅደም ተከተላቸው ጠፋ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ልቤን ነክቶታል፤ ምክንያቱም የገዛ ቀናችንን በገዛ ካሜራችን ላይ ማየት መፈለግ ተገቢ ነው። ችግሩ ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ብቻ መሆኑ ነው። 2017 ብለው ቢሞሉለት ይቀበላል፤ ነገር ግን ስልክዎ በዚያው ዕለት የሚጽፈው 2024 ወይም 2025 ስለሆነ፣ በአንድ ቀን የተነሱ ሁለት ፎቶዎች የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ይኖራቸዋል። ወራቱም አይገጥሙም። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ስለሆነ 2 ብለው ይሞላሉ፤ ለካሜራው ግን ሁለተኛው ወር ባለ 28 ቀኑ ፌብሩዋሪ በመሆኑ፣ ጥቅምት 29 ሊል ሲገባው ወደ ሦስተኛው ወር 1 ይዘላል። ጳጉሜንማ ጭራሽ ቦታ የላትም። በሰዓቱም በኩል፣ እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለው ለስልኩ 9 ሰዓት ነው።

ስለዚህ ሰዓቱንና ቀኑን ከስልክዎ ጋር አንድ ያድርጉት። የቀድሞዎቹን ፎቶዎች ለማስተካከል ኤግዚፍቱል የተባለው ነጻ ፕሮግራም የብዙ ፎቶዎችን ቀን በአንድ ትእዛዝ ወደፊት ያሸጋግራል፤ በመጀመሪያ በቅጂ ላይ ይሞክሩት። ወራቱ እኩል ስለማይዘሉም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በዓል በዓሉን ለይተው ያስተካክሉ። የእኛን አቆጣጠር ደግሞ የፎልደሩ ስም ላይ ያኑሩት። እኔ ዓመቱን አስቀድሜ፣ ወሩንና ቀኑን አስከትዬ “2017-05-11 ጥምቀት” ብዬ እጽፋለሁ፤ እንዲህ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ፎልደሮቹን በእኛው ዘመን ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። ባትሪው ለረጅም ጊዜ ወጥቶ የቆየ ካሜራ ሰዓቱን ሊረሳ ስለሚችል፣ ከበዓል በፊት አንድ ጊዜ ማየት አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ 3 በ4 ጉርድ ፎቶ ቤት ውስጥ ማተም እችላለሁ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይችላሉ። ልጁን ከነጭ ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ያርቁት፤ ከተጠጋ ጥላው ከጆሮው ጀርባ ይወድቃል። ፊቱን ወደ መስኮት አዙረው፣ እርስዎ መስኮቱን ጀርባ ሰጥተው፣ ፍላሹን ዘግተው ያንሱ። በአንድ 10 በ15 ወረቀት ላይ ዘጠኝ ጉርድ ሳይጨናነቅ ይገባል። “ጠርዝ አልባ” የሚለውን አማራጭ ያጥፉ፤ ፕሪንተሩ ወረቀቱን ለመሙላት ምስሉን ትንሽ ስለሚለጥጠው 3 በ4 መሆኑ ይቀርና መጠኑ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ካሜራ ልገዛ ነው። ምን ልፈትሽ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ሌንሱን ነቅለው በስልክ መብራት ከኋላ አሳልፈው ይዩት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካዩ ሻጋታ ነውና ይተዉት። ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 አጥብበው ጥርት ያለ ሰማይ ያንሱ፤ በፎቶው ላይ የሚታዩ ጥቁር ነጠብጣቦች ምስሉን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ ያለ አቧራ ናቸው። አቧራ ይጸዳል፤ ጭረት ግን አይጸዳም። ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚከፈተውና የሚዘጋው መዝጊያ ስንት ጊዜ እንደሠራም ይጠይቁ፤ ለጀማሪ የሚሠሩ ብዙ ካሜራዎች መዝጊያቸው የሚገመተው ለ100,000 ያህል ፎቶ ነው። ሻጩ ሜሞሪዎን አስገብተው በእጅዎ እንዲያነሱ ካልፈቀደልዎ አይግዙ።

ጥያቄ፦ የአያቴ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በመስታወት ውስጥ ተጣብቋል። ሳይበላሽ አባዝቼ ለቤተሰቡ ማደል እፈልጋለሁ። (ከጅማ)

መልስ፦ እባክዎ ከመስታወቱ ለመላጥ አይሞክሩ፤ የምስሉ ሽፋን ከወረቀቱ ተገንጥሎ መስታወቱ ላይ ይቀራል፤ እሱን የሚመልስ የለም። የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የተሠራው ከደቃቅ የብር ቅንጣቶች ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ጊዜ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ያነሷቸው ምስሎች እስከ ዛሬ ሊታዩ የቻሉትም ከዚህ የተነሳ ነው። በአንጻሩ የዛሬው ተራ የፕሪንተር ቀለም ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ከዋለ ይገረጣል። ስለዚህ ዋናው ፎቶ የአያትዎ ነው፤ የእኛ ኅትመት ቅጂው ነው።

በመስታወቱ ላይ እንዳለ ያንሱት። ፍሬሙን መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይደርስበት ቦታ ያስተኙ፤ ፍላሽ አይጠቀሙ። ከበላይ ሆነው ሲያነሱ ፊትዎና ካሜራው መስታወቱ ላይ እንዳይታዩ፣ ጥቁር ጨርቅ መሃሉን ለሌንሱ ያህል ቀድደው በካሜራው ፊት ይዘርጉት። የፍሬሙ አራት ጠርዞች ከምስሉ ጠርዞች ጋር እኩል ሲሄዱ ብቻ ይጫኑ። በመስታወት ያልተያዙ ሌሎች የድሮ ፎቶዎች ካሉዎት ደግሞ ስካነር ይሻላል፤ 6 በ9 ሳንቲ ሜትር የሆነች ፎቶ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ስካን ብትደረግ ሳትደበዝዝ 12 በ18 ሆና ትታተማለች።

ስታድሉ የሰዎቹን ስም አብራችሁ አድሉ። በድሮው ወረቀት ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ ሳይጫኑ መጻፍ ይቻላል። የአሁኑ የፎቶ ወረቀት ጀርባው ላስቲክ ስለሆነ እርሳስ አይዝለትም፤ እስክሪብቶም ቀለሙ ሳይደርቅ ከላዩ ወዳለው ፎቶ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ስሙን በአልበሙ ገጽ ላይ ይጻፉት። አያትዎን የሚያውቁ አዛውንት ዛሬ ካሉ፣ ከማተምዎ በፊት ፎቶውን ይዘው ይሂዱና ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆነ ሲነግሩዎ በዚያው ይጻፉ።