ስለ አሳ ማስገርና ፈቃድ ጠይቁኝ፣ የጅማ ልጆች

ሰላም ለሁላችሁም፣ ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ከአስጋሪዎች ጋር ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ ስለ አሳ ያላችሁን ወርውሩ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥ፦ ወንድሜ እንግሊዝ ነው፣ ባህር ጠረፍ ቆሞ ያለ ፈቃድ በመንጠቆ ያጠምዳል። እዛ ህግ የለም እንዴ?

መ፦ አለ እንጂ። እንግሊዝ ውስጥ ከባህር በመንጠቆ ለማጥመድ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ወንዝና ሀይቅ ላይ ግን 13 አመት ከሞላው ጀምሮ ግዴታ ነው። ባህሩም ቢሆን ዝም ብሎ የተለቀቀ አይደለም፣ ባስ የሚባለው አሳ ከ42 ሴንቲ ካነሰ ወደ ውሃው መመለስ አለበት፣ ምክንያቱም ባስ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው ሴቷ እንቁላል ለመጣል አመታት ይፈጅባታል፣ ቢያንስ አንዴ ወልዳ ትያዝ ነው ነገሩ።

ጥ፦ ባህር እኮ ሰፊ ነው፣ አሳ ያልቃል?

መ፦ ያልቃል ወንድሜ። ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ኮድ የሚባል አሳ ለ500 አመት ገደማ ሲሰገር ኖሮ ትላልቅ መርከቦች መጥተው ጠራረጉት፣ በ1992 እ.ኤ.አ. መንግስት ዘጋውና ወደ 30 ሺህ ሰው ስራ ፈታ። የተከፈተው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያውም በትንሹ። ያ ውቅያኖስ ነው፣ የኛ ግድብ 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እንግዲህ።

ጥ፦ ጊቤ ላይ ፈቃድ ያስፈልጋል?

መ፦ ለሽያጭ ከሆነ አዎ፣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። መጀመሪያ ወረዳችሁ ግብርና ጽ/ቤት ሂዱ።

ጥ፦ መረቡ ቀዳዳው ቢጠብ ምን ችግር አለው? ትንሹም እኮ ይበላል።

መ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አንድ ጠዋት አሰንዳቦ በኩል መረብ ስናወጣ አንዲት ቆሮሶ የምትባል አሳ አፏን ግጥም አድርጋለች፣ በጣቴ ከፈት ሳደርገው ከማሽላ ፍሬ ያነሰ ቢጫ እንቁላል መዳፌ ላይ ዝርግፍ አለ። ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምትታቀፈው፣ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ እዛው ትይዛቸዋለች፣ በዛን ጊዜ ምግብ እንኳን ብዙ አትቀምስም። እሷን አወጣህ ማለት ልጆቿንም አወጣህ ማለት ነው። በጠባብ መረብ ደግሞ ገና ያልወለዱትን ነው የምትለቅመው፣ ከርሞ ምን ልትይዝ ነው?

ጥ፦ እኛ ሰፈር አሳ ለመያዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ ይበትናሉ።

መ፦ እባካችሁ ተዉ በሏቸው! ብርብራ አሳው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል፣ ትልቅ ትንሽ አይመርጥም፣ ጫጩቱም አሳው የሚበላው የውሃ ነፍሳትም አብሮ ያልቃል። የቡና ጥላ የሆነን ዛፍ ለዚህ ማዋል ያሳዝነኛል።

ጥ፦ ክረምት ላይ ለምን አታስግሩ ይባላል?

መ፦ ጣናን እዩት። ነጭ አሳው በክረምት እንቁላል ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ መግቢያው ላይ መረብ ዘርግተው ጠበቁት፣ አሳውም ክፉኛ ተመናመነ።

ጥ፦ እኔ አስጋሪ አይደለሁም፣ ገበያ ስገዛ ምን ልይ?

መ፦ እህቴ ስንጥቡን ገልጠሽ እይው፣ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው። መዳፍ የማይሞላውን ደግሞ ርካሽ ነው ብለሽ አትግዢ፣ ሻጩንም ለምን እንደተውሽው ንገሪው፣ ነገ ለአስጋሪው የሚነግረው እሱ ነው።