ዘፈኑን ዝጉትና ጻፉ

ይድረስ ለምትጽፉ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት አጭር ልቦለዷን በወረቀት አሳትማ ቤቴ ድረስ ይዛልኝ መጣች። ቡናው እስኪፈላ አነበብኩላት። ስጨርስ መነጽሬን አውልቄ ቀና አልኩ። "እንዴት ነው?" ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "እትዬ፣ እርስዎ ሲጽፉ የትኛውን ዘፈን ነው የሚሰሙት?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት።

ደነገጠች። እሷ ያንን ልቦለድ የጻፈችው ሌሊት ሌሊት፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ አንድ ትዝታ እየደጋገመች ነው። ሳትነግረኝ አውቄው ነበር። ዓረፍተ ነገሮቿ መሃል መንገድ ላይ ይቆሙና ሌላ ሰው እንዲጨርስላቸው ይጠብቃሉ። "ዝናቡ ዘነበ። እሱ የለም" ይላል ጽሑፉ፤ ቀጥሎ ባዶ መስመር። በዚያ ባዶ መስመር ውስጥ እሷ ማሲንቆ ይሰማታል። እኔ ግን የሰማሁት የጀበናውን መንተክተክ ብቻ ነው።

34 ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ በጋዜጣ አራሚነት፣ በኋላ በመጽሔት አዘጋጅነት። ከዘፈን ጋር የተጻፈ ጽሑፍ ከሩቅ ይታወቀኛል፤ ምክንያቱም እኔው ራሴ ተቀጥቼበታለሁ። በ1974 ዓ.ም. ስለ አንድ የሞተ ባልደረባችን መታሰቢያ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ቴፑን ከፈትኩ፤ ካሴቱ ሲያልቅ እየገለበጥኩ፣ እያለቀስኩ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጥ መሰለኝ። ጠዋት ኃላፊዬ ወረቀቱን ተቀብሎ ጮክ ብሎ፣ የጤፍ ዋጋ እንደሚያነብ ሰው አነበበው። ሲጨርስ ክፍሉ ውስጥ ማንም ምንም አላለም። "አልቅሰሻል አይደል?" አለኝ። "አዎ።" "ወረቀቱ ግን ደረቅ ነው።"

ተናድጄ ነበር። ከሳምንት በኋላ ራሴው ሳነበው ግን ልክ ነበር። ዘፈኑ ሲያለቅስ ጽሑፋችሁ ያለቀሰ ይመስላችኋል። አንባቢው ደግሞ ካሴታችሁ የለውም።

እንዲህ ስላችሁ ሙዚቃ አትስሙ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ስለ ጽሑፍ የማውቀው ነገር አብዛኛው የገባኝ በጆሮዬ ነው፤ ያውም ትምህርት ቤት ሳልገባ። ያደግሁት ደሴ ነው። አጎቴ መሪጌታ ነበሩ፤ በበዓል ሌሊት እናቴ ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ ማኅሌት ትወስደኝ ነበር። ሊቃውንቱ አንዱን ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ ይሉታል፤ ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፣ ድምፅ ብቻ። ያንኑ ቃል መልሰው በመቋሚያ ይዘምሙታል። ቀጥሎ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል፣ መረግድ ይሆናል። ኋላ ጽፋቱ ይመጣል፤ ከበሮው ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይነሣል፣ እኛ ሴቶች ወገን እልልታው ይቀልጣል። ቃሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ነው። አዘጋጅ ከሆንኩ በኋላ ወጣቶች "ይህን ቃል ደግሜዋለሁ፣ ላውጣው?" እያሉ ሲጠይቁኝ ያ ሌሊት ትዝ ይለኛል። መድገሙ ምን ነውር አለው? ሁለተኛው ከመጀመሪያው ላይ ምን ጨመረ ብላችሁ ጠይቁ።

ከአጥራችን ወዲያ ደግሞ ሐሙስ ማታ መንዙማ ነበር። ድቤው ሲመታ የእኛ ግድግዳ ይሰማል። መሪው ስንኙን ያወጣል፣ ጀመዓው ይቀበላል። የተቀባዮቹ ቃል አይለወጥም፤ ግን መሪው ከፊቱ ያስቀደመው ስንኝ ስለሚለወጥ፣ ያው ቃል አንዴ ልመና፣ አንዴ ምስጋና፣ አንዴ ሐዘን ሆኖ ይወጣል። ትርጉሙን በቅጡ ሳላውቅ አልጋዬ ላይ ሆኜ እጠብቀው ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ከፊቱ በቆመው ነገር እንደሚለወጥ ያስተማረኝ መምህር የለም፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው ያስተማሩኝ።

አዝማሪውን የሰማሁት በሰርግ ነው። ከታዳሚው አንዱ "ተቀበል!" ይላል፣ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ላይ ያዜመዋል። አንዳንዴም የራሱን ይፈጥራል። ጎበዙን ከሰነፉ የለየሁት ዝም በሚልበት ሰዓት ነው። ማሲንቆው ብቻውን በሚጫወትበት ጊዜ ሰውየው እያሰበ ነው። ሁለተኛውን ስንኝ መጀመሪያ አግኝቶ ቤት የሚመታለትን ፊተኛውን ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ራሴ ላብጅላችሁ፤

ከወንዙ ማዶ ላይ እሳት ይታየኛል፤
እናቴ ነች መሰል ስሜ ይሰማኛል።

እሳቱ ለእናትየዋ መንገድ ጠራጊ ነው። ቁጠሩት (ቀለም የምለው በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣውን ድምፅ ነው እንጂ ፊደሉን አይደለም)፦ ስድስት ቀለም፣ ትንሽ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም። የወል ቤት የሚባለው ልክ ይህ ነው፤ ሳታውቁት በደማችሁ ውስጥ ያለ ልክ ነው። ለስድ ንባብ ግን አትዋሱት። ልቦለድ በወል ቤት ሲሄድ እንደ ሰርገኛ ፈረስ ደንገላሳ ይመታና አንባቢን ይጥላል። የምትዋሱት ትንፋሹን ነው፤ ሰው ሳይደክም ስንት ቃል ተሸክሞ መሄድ እንደሚችል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሙያዬ ነገር ስለሆነ።

አማርኛ ግሱን ለመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። ሳይጠነቀቅ የሚጽፍ ሰው ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይዘጋበታል፦ ሄደ፣ ቆመ፣ አየ፣ ተመለሰ። ወይም ነበር፣ ነበር፣ ነበር። ዓይን ይህን አያይም። እኔም አራሚ ሆኜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አላየሁትም፤ ፊደል ስለቅም ነው የኖርኩት። ጆሮ ግን ይሰማዋል፤ የላላ የማሲንቆ ጭራ እንደሚሰማው ያለ ነገር ነው። ዘፈን ስትሰሙ ልብ በሉ፤ ዘፋኝ ቤት ለመምታት ሲል ግሱን ወደ ፊት ያመጣዋል፣ ስሙን ወደ ኋላ ይገፋዋል። "ደረሰ ክረምቱ" ይላል እንጂ "ክረምቱ ደረሰ" ላይል ይችላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ክረምቱን ያየ ሰው ነው፣ ፊተኛው መድረሱ ያስደነገጠው። በየገጹ አድርጉት አልላችሁም፤ አንዴ በቦታው ከተደረገ ግን አንባቢው ቀና ብሎ ይቀመጣል። ጽሑፌን ጮክ ብዬ የማነበው ለዚህ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ከማን ጋር ነው የምትጣላው ይል ነበር።

ለዚያች ልጅ ትዝታውን ተዪው አላልኳትም። ብዙ አድርገሽ ስሚው ነው ያልኳት። ትዝታ የቅኝት ስም ነው፣ የዘፈንም ስም ነው። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር አራቱ ቅኝቶች ከምንላቸው አንዱ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ይሠራሉ። (ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች መሆናቸውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልሆነልኝም፤ ይቅር በሉኝ።) አስናቀች ወርቁ በክራሯ፣ መሐሙድ አህመድና በዛወርቅ አስፋው በየፊናቸው ትዝታን ተጫውተዋል። ዜማው ዘመድ ነው፤ ግጥሙን ግን እያንዳንዱ ከሕዝብ ቋት ይቀዳል፣ የራሱን ይጨምርበታል፣ የማይሆነውን ይተዋል። አንድ ምሽት ሦስቱን በተከታታይ ስሙ። ምን ተሰማኝ ብላችሁ አትጻፉ፤ እሱን ማንም ይጽፈዋል። ማን የት ላይ ተነፈሰ፣ ማን የትኛውን ቃል ጎተተ፣ ማን ቶሎ ብሎ አለፈው፣ እሱን መዝግቡ። በአምስት ድምፅ ብቻ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ከተሠሩ፣ "የምጽፈው አዲስ ነገር አጣሁ" የምትሉኝን እንዴት ልመናችሁ?

ቃል ያለው ዘፈን የራሳችሁን ቃል የሚያበላሽባችሁ ከሆነ ደግሞ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ እመክራለሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ መንነው ግሸን ማርያም 10 ዓመት ያህል የኖሩ፣ በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉ መነኩሲት ናቸው። (ግሸንም አምባሰል ነው፤ ከዚህ በኋላ ስለ ወሎ አላነሣም።) ግራ እጃቸው እንደ መንገደኛ በልክ ይራመዳል። ቀኝ እጃቸው ይዘገያል፣ የሆነ ነገር ሊናገር ይልና ይተወዋል፣ ኋላ ሳትጠብቁት ይናገረዋል። የሚያመነታ ሰው ንግግር እንዴት እንደሚጻፍ ጨንቋችሁ ከሆነ፣ ያንን ቀኝ እጅ ስሙት።

የማትመርጡትንም ስሙ። ስልካችሁ የምትወዱትን ያውቃል፤ ስለዚህ የምትወዱትን ብቻ ይሰጣችኋል። የሚኒባስ ሹፌር ግን አያውቃችሁም። ከመገናኛ ፒያሳ እስክደርስ ጉራግኛ፣ መዝሙር፣ ግማሽ ዜና፣ ደግሞ ስሙን የማላውቀው የእናንተ ዘመን ልጅ ሊጫወትልኝ ይችላል፤ ከላዩ ላይ የረዳቱ "ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ" አለ። ያ ጥሪ ራሱ ልክ አለው፤ ሦስተኛው ፒያሳ ሁልጊዜ ከሁለቱ ይረዝማል። ማዳመጫችሁን ከጆሯችሁ አውጡና አንድ ሳምንት እንዲህ ተሳፈሩ። ሰው ከዘፈን ጋር ምን እንደሚያደርግ ታያላችሁ፦ አንዷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ አንዱ ሰውዬ ዘፈኑ ሲጀምር ስልኩን ዘግቶ መስኮት ያያል። እኔ ከዘፈኑ ይልቅ ስለዚያ ሰውዬ ብጽፍ እመርጣለሁ።

ተሳስታችሁ የሰማችሁትንም አትጣሉ። ልጅ ሆኜ በሬዲዮ የምሰማው አንድ ዘፈን ውስጥ ሴትየዋ "ቤቴን ለቅቄ" ስትል እኔ "ቤቴን ለቅልቄ" እያለች ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ለዓመታት በዓይነ ሕሊናዬ የማያት አገር ጥላ የምትሄድ ሴት አልነበረችም፤ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እበት አቡክታ፣ ለሚመጣው ሰው ወለሏን የምትለቀልቅ ሴት ናት። ትልቅ ሆኜ ትክክለኛውን ሳውቅ ከፋኝ። የመጀመሪያ ልቦለዴ የተጻፈው ስለዚያች ለቅላቂ ነው። ዘፋኟ ብትሰማ ምን ትል እንደነበር እንጃ።

ታዲያ መቼ ይጻፍ ትሉኛላችሁ። ጠላ በጠነሰሱት ዕለት አይጠጣም። ማታ የሰማችሁት ይደር። ጠዋት ቤቱ ጸጥ ባለበት ተቀመጡ፤ ከዘፈኑ የቀረ ነገር ካለ እሱ የእናንተ ነው፣ ካልቀረ ደግሞ አልነበረም። ስልኩን ሌላ ክፍል አኑሩት። በእናቴ ቤት ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘፈን ይቆም ነበር፤ የበገና መዝሙር ካልሆነ በቀር ሬዲዮው አይከፈትም። እነዚያ ሳምንታት ያኔ ያስጠሉኝ ነበር። አሁን ዞር ብዬ ሳያቸው፣ የሰማሁት ሁሉ ውስጤ ገብቶ የተቀመጠው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ። ታላቅ ወንድሜ በ1970ዎቹ በሱዳን በኩል ወጥቶ ዋሽንግተን ገባ። ወረቀት ላይ መጻፍ አይሆንለትም፤ ሰው ሲመጣ ድምፁን በካሴት ይልክልን ነበር። አዲስ ካሴት ላለመግዛት ይሁን አላውቅም፣ ይዞት በሄደው የዘፈን ካሴት ላይ ነበር የሚቀዳው። እናቴ ቴፑን መሃል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጎረቤት ትጠራለች። እሱ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራው፣ መኪና እንደሚያቆም፣ ጤፍ እንደተገኘ ያወራል። ሁሉም ደህና ነው ይላል። "እንግዲህ ደህና ሁኑ" ይልና ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል።

ከዚያ፣ ከሥር የነበረው ዘፈን ከግማሽ ስንኝ ላይ ይቀጥላል።

መጀመሪያ ጊዜ ልዘጋው እጄን ስዘረጋ እናቴ "ተዪው" አለችኝ። ካሴቱ በራሱ እስኪቆም ድረስ ሁላችንም ቁጭ እንዳልን ቆየን።