«የዘረመል ቁጥጥር» ሲባል ተቆጣጣሪው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ የጻፉልን አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ለተማሪዎቻቸው ባዘጋጁት ማስታወሻ ላይ «የአምቦሴሊ ዝንጀሮዎች ወባ መሰል በሽታን ለመከላከል ዘረመላቸውን ለወጡ፤ ይህም በዘረመል ቁጥጥር የመጣ ነው» ብለው አስፍረዋል። የአማርኛ መምህር የሆኑት ባልደረባቸው «ይጎረብጣል» ቢሏቸውም የሚጎረብጠውን ለይተው አልነገሯቸውም። ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ የባልደረባዎ ጆሮ አልተሳሳተም። ዓረፍተ ነገሩ የሚጎረብጠው ሁለት ቦታ ሲሆን፣ ብዙ ጸሐፊዎች ልብ በማይሉት በኋለኛው ብጀምር እመርጣለሁ።

አገናዛቢው «የ» ከድርጊት ስም በፊት ሲገባ አድራጊውንም ተደራጊውንም ሳይለይ ያስከትላል። «የመንግሥት ቁጥጥር» ስንል የሚቆጣጠረው መንግሥት ነው፤ «የዋጋ ቁጥጥር» ስንል ግን ዋጋው ቁጥጥር ይደረግበታል እንጂ ማንንም አይቆጣጠርም። ለእኛ ለወሎዎች ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለን። በቃሉ ቆላ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ ለሚውል ገበሬ «የዝንጀሮ ጥበቃ» ማለት ማሽላውን ከዝንጀሮ ማዳን ነው፤ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ለሚሠራ ሰው ግን ያው ሐረግ ጭላዳውን ከሰው ማዳን ይሆናል። እነዚህን ሰዎች የሚሰማ ሁሉ ከሥራቸው ተነሥቶ ይረዳቸዋል። «የዘረመል ቁጥጥር»ን የሚያነብ ተማሪ ግን እንዲህ ያለ መያዣ የለውም፤ በባዮሎጂ ዘረመል ቁጥጥር ይደረግበታል፣ ሌላውንም ዘረመል ይቆጣጠራልና።

እርስዎ የመረጡት ምሳሌ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ዳፊ የሚባል ፕሮቲን ይገኛል፤ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ወደ ሕዋሱ የሚገባው በዋናነት በዚህ ላይ ተጣብቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 እንደታወቀው፣ በብዙ ምዕራብ አፍሪካውያን ላይ የፕሮቲኑ መሥሪያ ክፍል ሳይነካ፣ ዘረመሉ የት እንደሚሠራ በሚወስነው አጎራባች ክፍል ውስጥ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ብቻ በመለወጧ፣ ዘረመሉ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሥራውን ያቆማል፤ በሌላው የሰውነት ክፍል ግን ይሠራል። ሰዎቹም፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም፣ በቫይቫክስ እምብዛም አይጠቁም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ደግሞ በኬንያ አምቦሴሊ በሚኖሩ ቢጫ ዝንጀሮዎች ላይ፣ በዚያው ዘረመል ተቆጣጣሪ ክፍል የሚታይ ልዩነት የወባ ተውሳክ ዘመድ በሆነው ሄፓቶሲስቲስ ከመያዝ ዕድል ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የሰውም የዝንጀሮውም ለውጥ ለየብቻ የመጣ እንጂ አንዱ ከሌላው የተወረሰ አይደለም። እንግዲህ «ዘረመላቸው ተለወጠ» ብቻ ቢሉ እንኳ ተማሪው ፕሮቲኑ የተለወጠ ይመስለዋል። «የዘረመሉ ተቆጣጣሪ ክፍል» ቢሉ ግን፣ «ተቆጣጣሪ» አድራጊን ብቻ የሚጠራ ቃል ስለሆነ፣ ብዥታው ይጠራል።

ሁለተኛው ጉርባጭ «ለመከላከል … ለወጡ» ነው። በአማርኛ «ለ» ከንዑስ አንቀጽ ጋር ሲመጣ ዓላማን ይናገራል፤ ዓላማ ደግሞ አሳቢ ይፈልጋል። «ገበሬው ማሽላውን ለመጠበቅ ማማ ላይ ወጣ» ያስኬዳል። «ዝናቡ ማሽላውን ለማብቀል ዘነበ» ቢባል ግን ቃሉ ወደ ምርቃት ይጠጋል። «ዘረመላቸውን» ላይ ያለው «ን» ሲጨመርበትማ ዝንጀሮዎቹ ልብስ እንደሚለውጥ ሰው ይታያሉ። ለውጡ ግን አስቀድሞ በአጋጣሚ የሚመጣ ነው፤ ጥቅሙ የሚታየው ቆይቶ፣ ለውጡን የወረሱት ሲተርፉና ሲዋለዱ ነው። «የተፈጥሮ ምርጫ» የሚለው ስያሜ ራሱ ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም፤ ወንፊት እህል አይመርጥም፤ ይሁንና ስያሜው ሥር ስለሰደደ አልታገለውም።

«መከላከል» ለሚለውም ቃል ይጠንቀቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «ወባን እንከላከል» ስትል አጎበር መዘርጋትንና ያቆረ ውኃ ማፋሰስን ማለቷ ስለሆነ፣ የቆላው ተማሪዎ ዝንጀሮውን አጎበር ውስጥ ቢያስተኛው አይፈረድበትም። የሰውነትን ሥራ ለማለት «በሽታን መቋቋም» ይሻላል።

እኔ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦ «በአምቦሴሊ ቢጫ ዝንጀሮዎች መካከል በአንድ ዘረመል ተቆጣጣሪ ክፍል ላይ ልዩነት ይታያል፤ አንደኛውን ዓይነት የወረሱት በወባ መሰል ተውሳክ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነው።» ከእርስዎ ይረዝማል፤ ግን ማን ምን እንዳደረገ አያሻማም። «ቢጫ» የሚለውንም አይተዉት፤ ከደጋው የመጣ ተማሪ «ዝንጀሮ» ሲባል ገደል ላይ ሣር የሚግጠውን ጭላዳ ሊያስብ ይችላልና።