ከሐረር ወደ ድሬ ገባሁ፣ መንጃ ፈቃዴ ግን ሐረር ቀረ

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ጠያቂው የአይሱዙ ሹፌር ነው። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ከሐረር ሸንኮር ወጥቼ ድሬ ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው አድራሻ ግን የሐረሩ ነው። በቅርቡ ከድሬ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ደንገጎ ዳገት ላይ አንድ ትራፊክ አስቁሞኝ ‹በዚህ አድራሻ መንዳት አትችልም› አለኝ። መሥሪያ ቤቴም የድሬ አድራሻ ያለበት አምጣ ብሎኛል። ቀበሌ ስሄድ የኪራይ ውል ጠየቁኝ፣ አከራዬ ደግሞ ‹እኔ ወረቀት ላይ አልፈርምም› አሉ። አንድ ደላላ በሳምንት ውስጥ አዲስ የድሬ መንጃ ፈቃድ ላውጣልህ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ደላላውን ተወው። ዛሬውኑ ስልኩን ዝጋበት።

አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ። ተምረህ፣ ተፈትነህ ያወጣኸው ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት መንጃ ፈቃድ መያዝ አይችልም፣ ስለዚህ ደላላው የሚሰጥህ ወረቀት ወይ ከጅምሩ ሐሰተኛ ነው፣ ወይ ደግሞ አንድ ሰው መዝገብ ላይ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ጽፎበት የወጣ ነው። በሁለቱም መንገድ ወንጀል ነው። የወንጀል ሕጋችን ከአንቀጽ 375 ጀምሮ ስለ ሐሰተኛ ሰነድ የሚናገረው ወረቀቱን የሠራውን ብቻ አይደለም፣ እያወቀ የተገለገለበትንም ይይዛል። «ደላላው ነው የሰጠኝ» የሚል መከላከያ ችሎት ላይ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሰውን ሲያድን ግን አላየሁም። በቀላሉ የሚስተካከል የአድራሻ ጉዳይ ይዘህ ወደ እስር ቤት የሚወስድ መንገድ አትግባ።

አሁን ወደ ትራፊኩ። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 የፌዴራል ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሐረር የወጣ መንጃ ፈቃድ ድሬ ላይ ይሠራል፣ ጅማም ላይ ይሠራል። ቀኑ እስካላለፈበትና በምድብህ እስከነዳህ ድረስ አድራሻህ ስለተቀየረ ብቻ መንጃ ፈቃድ እንደሌለው ሰው አትቆጠርም። ከትራፊኩ ጋር ግን መንገድ ላይ አትከራከር። ቅጣት ከጻፈብህ ወረቀቱን ተቀበልና ጥፋቱ የተጻፈበትን መስመር እዚያው አንብበው፤ ምን እንደተጻፈ ካላወቅክ በኋላ ምን ብለህ አቤት እንደምትል አታውቅም።

ይሄን ስልህ ግን አድራሻው ባይቀየርም ግድ የለም እያልኩህ አይደለም። እንዲያውም አጥብቄ የምነግርህ ይሄን ነው። መንጃ ፈቃድህ ላይ ያለው አድራሻ ሕግ አንተን የሚፈልግበት ቦታ ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንድ የያዝኩት ጉዳይ ያሳይህ።

ደንበኛዬ እንዳንተው ከሐረር ወደ ድሬ የመጣ የባጃጅ ሹፌር ነበር። ቀላል ግጭት ደረሰ፣ ሰው አልተጎዳም፣ የአንድ መኪና ጎን ተላጠ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን አነሳ፣ የሹፌሩንም አድራሻ ከመንጃ ፈቃዱ ላይ ገለበጠ። የሐረሩን ማለት ነው። የመኪናው ባለቤት ካሳ ሲጠይቅ ክሱ ላይ የጻፈው ያንኑ አድራሻ ነው። መጥሪያው ሐረር ሄደ፣ ሰውየው በቦታው የለም፣ በመጨረሻ የድሮ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። አዲሱ ተከራይ አይቶ «የማን ነው ይሄ» ብሎ ቀደደው። ጉዳዩ በሌለበት ታየ፣ በሌለበት ተፈረደ። ደንበኛዬ ነገሩን የሰማው ፍርዱን ለማስፈጸም ተብሎ ባጃጁ ሲታገድበት ነው። ያን ቀን ቢሮዬ ሲገባ የእግዱን ወረቀት በሁለት እጁ ይዞት ነበር፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ «ተከስሼ አላውቅም እኮ» ይላል ደጋግሞ።

እንደ እድል ሆኖ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 አለልን። በሌለህበት የተፈረደብህን ፍርድ ማወቅህ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ፣ መጥሪያው በደንብ አልደረሰኝም ብለህ ወይም ያልቀረብክበትን በቂ ምክንያት አስረድተህ እንዲነሳልህ ማመልከት ትችላለህ። አንድ ወር ነው፣ ለውለታ ብሎ የሚጨምርልህ የለም። ድሬ ይኖር እንደነበረ ግን ማስረዳት ነበረብን። የኪራይ ውል የለውም። መታወቂያው የሐረር ነው። መንጃ ፈቃዱም የሐረር ነው። ሚስቱ ቤት ገብታ ስትፈልግ የልጃቸውን የክትባት ካርድ አገኘች። ድሬ ካለ ጤና ጣቢያ የተሰጠ ነው፣ እያንዳንዱ ክትባት የተሰጠበት ቀን ተጽፎበታል። ፍርድ ቤቱ እሱንና ምስክሮቻችንን አይቶ ፍርዱን አነሳልን። ሁሉም ሰው ግን እንዲህ ያለ ካርድ አያገኝም። አድራሻህን አስተካክል ብዬ የምወተውትህ ለዚህ ነው።

እሺ፣ ከየት ትጀምራለህ? ብዙ ሰው መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ይሄዳል፣ እዚያ «የድሬ መታወቂያ የታለ?» ተብሎ ይመለሳል፣ ተበሳጭቶ ይተወዋል። መንገዱ የሚጀምረው ከቀበሌ ነው። እሱም ከድሬው ሳይሆን ከሐረሩ።

ሐረር የነበርክበት ቀበሌ ሂድና መሸኛ ጠይቅ። ቤተሰብህ አብሮህ ከመጣ የሁሉም ስም በአንድ ደብዳቤ ይካተት፣ አለዚያ በኋላ ለልጅህ ብለህ ደንገጎን እንደገና ትወጣለህ። የድሮ መታወቂያህን መልስ ይሉሃል። መመለስህ ትክክል ነው፣ ግን ከመስጠትህ በፊት ፊትና ጀርባውን ኮፒ አድርገህ አስቀር። የድሬው እስኪሰጥህ ያሉትን ቀናት በመሸኛው ኮፒና በፋይዳህ ታልፋቸዋለህ። ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 እውቅና ያለው የማንነት ማስረጃ ነው። ስትመዘገብ ያስያዝከው አድራሻ የሐረር ከሆነ ግን እሱንም አስቀይረው። መታወቂያው አንድ፣ ፋይዳው ሌላ፣ መንጃ ፈቃዱ ሌላ እያሉ ሲጋጩ በየመስኮቱ የምትመለሰው አንተ ነህ።

«ስምንት ወር ብቻ ነው የኖርኩት፣ ነዋሪ ነኝ ማለት እችላለሁ?» ብለህ እንዳትሳቀቅ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 175 አንድ ቦታ ላይ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሰው እዚያ መኖሪያ እንዳለው ይቆጥረዋል። አንተ ከእጥፍ በላይ ቆይተሃል። በመረጥክበት ከተማ መኖርም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 የሰጠህ መብት ነው፣ ማንም በችሮታ የሚሰጥህ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ማነቆ እንምጣ፣ ወደ አከራይህ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ «ወረቀት አልፈርምም» የሚባል ነገር የለም። የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥም ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ አዋጁ ወስኗል። ስለዚህ ውሉን ስትጠይቅ ውለታ እየለመንክ አይደለም፣ ሁለታችሁም ላይ ያለባችሁን ግዴታ እንወጣ እያልክ ነው።

እንደ ጠበቃ ግን የምመክርህ አዋጅ ይዘህ በር እንድታንኳኳ አይደለም። ድሬ ውስጥ አከራይና ተከራይ አንድ ግቢ ነው የሚኖረው፣ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ አንድ ደጃፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። አከራይህ የሚፈሩት ግብሩን ነው፣ ወይም ቤቱን ይወስድብኛል ብለው ነው። ሁለቱንም ፊት ለፊት አንሳላቸው። «እማማ፣ ውል መፈራረማችን ቤቱን የእኔ አያደርገውም፣ እንዲያውም የእርስዎ መሆኑን በወረቀት የሚያረጋግጥ ነው። እኔ ለመታወቂያና ለሥራዬ ነው የፈለግኩት፣ ሳይመዘገብ ሲቀር ደግሞ ቅጣቱ ለእርስዎም ይተርፋል» በላቸው። ልጅ ወይም የሚያከብሩት ጎረቤት ካላቸው እሱ ባለበት አውራ። ብዙውን ጊዜ በዚህ ያልቃል።

እንቢ ካሉስ? ያኔ ማስረጃህን ሰብስብ። ኪራዩን እስካሁን በእጅ ትከፍል ከነበረ ከዚህ ወር ጀምሮ በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈል፣ አዋጁም የሚለው ይሄንኑ ነው። ስትልክ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የቤት ኪራይ» ብለህ ወሩን ጨምረህ ጻፍ። ባዶ አትተወው፤ ባዶ ከሆነ ነገ «ያበደርኩት ብር ነው የመለሰልኝ» ሊባል ይችላል። ከመሥሪያ ቤትህ ድሬ ላይ እንደምትሠራ የሚገልጽ ደብዳቤ ማህተምና ቲተር ያለበት አጽፍ። ይሄን ሁሉ ይዘህ ለቀበሌው በጽሑፍ አመልክት። በቃል አትጠይቅ። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገባና ቁጥርና ቀን አስጽፍበት፣ አንድ ኮፒ ላይም ማህተም አስመትተህ ያዝ። የሚከለክሉህ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ በል። በቃል የተከለከለ ሰው አቤቱታ ሲያቀርብ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። ቀበሌው ዝም ካለህ ወደ በላይ አካል ውጣ፣ እዚያም መፍትሔ ካጣህ እንባ ጠባቂ አለ።

የድሬ መታወቂያ እጅህ ከገባ የቀረው ቀላል ነው። የመንጃ ፈቃድ ማህደርህ ያለው ሐረር ባወጣህበት ቢሮ ነው። የድሬው ቢሮ መንጃ ፈቃድህ ትክክለኛ መሆኑን ከዚያ ማረጋገጥ ስለሚፈልግ ሐረር ሄደህ ማህደሬ ይዛወርልኝ ብለህ ታመለክታለህ። ደብዳቤውን በታሸገ ፖስታ በእጅህ ከሰጡህ እንዳትከፍተው። «ምን እንደተጻፈ ልይ» ብሎ ከፍቶት ሁለተኛ ሐረር የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። የመንጃ ፈቃድህ ማደሻ ቀን ቀርቦ ከሆነ ደግሞ ዕድሳቱንና የአድራሻውን ለውጥ በአንድ ላይ ጨርስ፤ ለዕድሳቱ የጤና ምርመራ ስለሚጠየቅ ዓይንህንም በዚያው ትመረመራለህ። ማደሻው ካለፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ትራፊኩ የሚይዝህ በአድራሻህ ሳይሆን ጊዜው ባለፈበት ፈቃድ በመንዳትህ ነው፣ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ጣጣ ያመጣብሃል። ስለዚህ ዛሬ ካርድህን አውጣና ቀኑን እይ።

ሥራ አላስወጣ ብሎህ ሐረር ካለ ወንድምህ ወይም ዘመድህ ይጨርስልኝ ካልክ ውክልና ስጥ። ድሬ ላይ ውክልና የሚረጋገጠው በፌዴራሉ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቅርንጫፍ ነው፣ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግህም። ውክልናው ላይ ጉዳዩ ተለይቶ ይጻፍ፣ «የመንጃ ፈቃድ ማህደሬን እንዲያስዛውር፣ ደብዳቤ እንዲቀበል» ተብሎ። «ጉዳዬን ይፈጽምልኝ» የሚል ጥቅል አነጋገር ብዙ ቢሮ ላይ አያስኬድም። ፎቶና አሻራ ሲጠየቅ ግን ራስህ መገኘትህ የግድ ነው።

መሥሪያ ቤትህ እስከዚያው እንዳያጉላላህ የማመልከቻህን ማህተም ያለበት ኮፒ ስጣቸው። ሂደቱን መጀመርህን ያያሉ። የምትነዳው አይሱዙ የድርጅቱ ስለሆነ የሊብሬው አድራሻ የእነሱ ጉዳይ ነው፤ የራስህ መኪና ወይም ሞተር ካለህ ግን የባለቤትነት መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ለብቻው የሚታይ ስለሆነ የመንጃ ፈቃዱ ስለተስተካከለ አብሮ አይስተካከልም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። መሸኛውን ሲሰጡህ ከመስኮቱ ሳትርቅ ስምህን ፊደል በፊደል አንብብ። እኛ አገር «መሐመድ» አንዱ ወረቀት ላይ «ሙሐመድ» ሌላው ላይ «መሀመድ» ተብሎ ይጻፋል፣ አንዱ ቢሮ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ሌላው «አንተ አይደለህም» ይልሃል። ከመንጃ ፈቃድህና ከፋይዳህ ጋር አስተያየው። ልዩነት ካየህ እዚያው አስተካክሉልኝ በል፣ ጸሐፊዋ በእጇ ብትሰርዘው አትቀበል፣ አዲስ ወረቀት ላይ ተጽፎ ማህተም ይደረግበት።