ስኳር 114፣ ግፊት 138/88፣ ሥራ በሳምንት 56 ሰዓት፦ ከየት ልጀምር ላልከው ወንድም

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ ልድገመው። ጠያቂው ደብረ ማርቆስ ባንክ ቤት ካሸር ነው፤ ዕድሜው 36፣ ክብደቱ 86 ኪሎ። ጠዋት 2 ሰዓት ይገባል፣ ሒሳብ ዘግቶ ሲወጣ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ይሠራል። ምሳ የሚበላው 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ እራቱን 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል። በባዶ ሆድ ስኳሩ 114፣ ግፊቱ 138/88 ሲባል «ስኳር ያዘኝ ማለት ነው ወይ? ስፖርት እንዳልሠራ ጊዜ የለኝም» ብሏል፤ የሥራ ሰዓት ሕጉንም ጠይቋል።

ስኳር አልያዘህም። የባዶ ሆድ ስኳር ከ100 በታች ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል፤ 126ና ከዚያ በላይ በሌላ ቀን ተደግሞ ሲገኝ ነው በሽታው አለ የሚባለው። 114 መሐል ላይ ነው፣ ወደኋላ መመለስ ይችላል። ግን ከግፊትህ ጋር አብረህ እየው። ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚባለው ችግር አምስት መለኪያ አለው፦ የወገብ ዙሪያ፣ ግፊት ከ130/85 ጀምሮ፣ የባዶ ሆድ ስኳር ከ100 ጀምሮ፣ ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ ያለ ስብ) ከ150 ጀምሮ፣ ኤችዲኤል (ደጉ ኮሌስትሮል) ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች መሆን። ሦስቱ የተገኙበት ሰው አለበት ይባላል። አንተ ሁለቱን ይዘሃል።

ሦስተኛውን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሸሚዝህን ገልጠህ፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል ሜትሩን አዙር፤ ትንፋሽህን እንደወትሮው አስወጣና ሆድህን ሳትሰበስብ አንብብ። ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሳንቲሜትር ጀምሮ ይቆጠራል። የሱሪ ቁጥር አይታመንም፤ ቦርጭ ያወጣ ሰው ቀበቶውን ከሆዱ በታች ነው የሚያስረው።

ከመደንገጥህ በፊት ልኬቶቹን ድገማቸው። ግፊት ስትለካ 5 ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ጀርባህን አስደግፍ፣ እግርህን አታነባብር፣ ክንድህ ጠረጴዛ ላይ በልብህ ትይዩ ይሁን። ባለፉት 30 ደቂቃ ቡና ወይም ሲጋራ መኖር የለበትም፤ ሽንት ይዞህም አትለካ። የማርቆስ ብርድ የሚያመጣው ስሕተት ደግሞ አለ፦ ሹራብ ላይ ማሰር። እጅጌ ሰብስቦ ክንድን እንደ ገመድ ማነቅም ያው ነው። ሹራቡን አውልቅ፣ በባዶ ክንድ ሁለቴ ተለካ። የጣት ስኳር መለኪያ ደግሞ ሙዝ የላጠ ወይም ስኳር የነካ ጣት ላይ ውሸት ይናገራል፣ ጊዜው ያለፈበት ስትሪፕም (ደሙ የሚነካበት ቁራጭ) እንዲሁ። እጅህን በሳሙና ታጠብና በደንብ አድርቅ። ከሁሉም የሚሻለው ለ8 ሰዓት ያህል ከምግብ ርቀህ ከደም ሥር ተቀድቶ ላብራቶሪ ላይ የሚታየው ነው።

አሁን ወደ ሥራ ሰዓቱ። ምሳህን አንድ ሰዓት ብለን ስንቀንስ በሳምንት 56 ሰዓት ተኩል ትሠራለህ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር መጥበብ የመሞት ዕድላቸው በ17 በመቶ ይበልጣል። ሰዓቱ ብቻውን ሰው አይመርዝም፤ ጉዳቱ ሰዓቱ ከሚነጥቅህ ነገር ይመጣል። ከደም ስኳርን በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው፤ ስትቀመጥ ጡንቻህ ሥራ ይፈታል፣ ቆሽትህ ለዚያው ምግብ ብዙ ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ንጥረ ነገር) ማውጣት ይኖርበታል። ማታ ሰውነት ለእንቅልፍ ሲዘጋጅ ኢንሱሊን አቅሙ ይቀንሳል፤ ያው አንድ እንጀራ ቀን 7 ሰዓት ላይ ከሚያወጣው ስኳር ማታ 4 ሰዓት ላይ የሚያወጣው ይበልጣል። 5 ሰዓት ብቻ ተኝቶ የተነሣ ሰው ደግሞ ረሃቡ ይጨምራል፣ ዐይኑም የሚያርፈው ጣፋጭና ዳቦ ላይ ነው። ስለዚህ በእኔ ግምት ያንተ ትልቁ ችግር የስፖርት አለመኖር ሳይሆን የ3 ሰዓት ተኩሉ እራት ነው።

እራትህን ለማቅለል ሥራው የሚጀምረው ከ11 ሰዓት ነው። ሒሳብ ለመዝጋት ከመቀመጥህ በፊት አንድ ወይም ሁለት የቡና ስኒ የሽምብራ ወይም የገብስ ቆሎ ብላ፣ ውኃ ጠጣበት። ከምሳ ጀምሮ ባዶውን የዋለ ሆድ ይዞ ቤት የገባ ሰው ግማሽ እንጀራ ይበቃኛል ቢል ራሱን ነው የሚያታልል። ቆሎ ከበላህ ግን ግማሽ እንጀራ፣ ሽሮ ወይም ምስር፣ ጎመን ከበቂ በላይ ነው። እስከ 2 ሰዓት ተኩል ጨርስ፣ ከ5 ሰዓት በፊት ተኛ።

ምሳህን ከቤት ቋጥር። ዕቃው ውስጥ ወጡና ጎመኑ ከእንጀራው ማነስ የለበትም፤ ብዙ ሰው የሚይዘው ሁለት ጥቅል እንጀራና አንድ ጭልፋ ወጥ ነው። ፍርፍር በእንጀራ መብላት እንጀራን በእንጀራ መብላት ነው፣ የድንች ወጥም በእንጀራ እንደዚያው። ድንች ከበላህ እንጀራውን ቀንስ። ጤፍ ስለሆነ አይጎዳም የሚሉህን አትስማ፤ የአዴት ጤፍም ቢሆን መጠኑ ይቆጠራል። ዘይቱን ማንኪያ ለካ እንጂ ከጠርሙስ አታንቆርቁር፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። ከሚረጋው የፓልም ዘይት የኑግ ይሻላል።

ጾም ጥፋተኛ አይደለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ጎመን ላንተ የታዘዘ ምግብ ነው። የሚበላሸው እስከ 9 ሰዓት ተጹሞ ፓስታ፣ ሁለት ዳቦና ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ሲከተል ነው። ለሌሎች አንባቢዎች፦ ግሊበንክላማይድ (የስኳር ኪኒን) ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ግን ሐኪም ሳታማክሩ ረጅም ሰዓት አትጹሙ፤ ስኳር ከመጠን በላይ ይወርዳል።

ሻይህን እንቁጠረው። ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ስኳር ይይዛል፣ የተከመረ ከዚያ ይበልጣል። ሦስት ማንኪያ በአራት ሻይ ሲባዛ 48 ግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው የሚለው ጣሪያ ወደ 50 ግራም ነው፣ ከ25 ቢያንስ ይመረጣል ይላል። አንድ ለስላሳ ስትጨምርበት ከ30 ግራም በላይ ይደረብበታል። ባንድ ቀን አትተው፣ ትመለስበታለህ፤ በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ሻይ ግማሽ ማንኪያ ቀንስ፣ በስድስተኛው ሳምንት ባዶውን ትጠጣለህ። «በማር ተካሁት» የሚል የጎጃም ሰው አይጠፋም፤ ማራችን ስሙ የታወቀ ነው፣ ግን አንድ ማንኪያ ማር ከባድ ስለሆነ ከአንድ ማንኪያ ስኳር ያላነሰ ስኳር ይይዛል። አረቄና ቢራም ማታ ማታ ትራይግሊሰራይድ ያወጣሉ፣ እንቅልፍም ይሰብራሉ። ቡና ከ9 ሰዓት በኋላ ይብቃህ።

ጊዜ የለኝም ላልከው፦ በየ30 ደቂቃው ከወንበር አሥር ጊዜ ብድግ ቁጭ በል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ካዝናህንም ትተህ አትሄድም። እጅህን ሳትደገፍ ከሆነ ጭንህ ይሠራል፤ ጭን ደግሞ ከትልልቆቹ ጡንቻዎች አንዱ ነው። ዝም ብሎ መቆም ከመቀመጥ ብዙ አይበልጥም። ከምሳ በኋላ ስልክ ከመነካካት 10 ደቂቃ ተራመድ፤ ስኳር ከፍ የሚለው በዚያ ሰዓት ነው። ማታ ባጃጅ ትተህ 25 ደቂቃ በእግር ብትገባ ስድስት ቀን 150 ደቂቃ ይሞላል፣ የሚፈለገውም ይኸው ነው። የማርቆስ ዳገት ትርፍ ነው። ቤት ውስጥ በሳምንት ሁለቴ 5 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን በየእጅህ ይዘህ ማንሣት ይበቃል። ሳምንቱን ተቀምጦ እሑድ 90 ደቂቃ ኳስ መጫወት ግን ጉልበትና ጅማት ነው የሚያስከፍለው።

ዒላማህ 6 ኪሎ ነው፣ ከክብደትህ 7 በመቶ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በወጣ ትልቅ ጥናት ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች 7 በመቶ ቀንሰው በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ሲደረግ ወደ ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን የተሰጣቸው በ31 በመቶ። ስለዚህ የጓደኛህን ኪኒን እየተቀበልክ አትዋጥ። በወር ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ከቀነስክ ጥሩ ነው፤ በሁለት ሳምንት 6 ኪሎ የሚያወርድ አመጋገብ ሲመለስ ጨምሮ ነው የሚመለሰው።

ስለ ሕጉም ጠይቀህ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም፤ እንዲህ እንደ አንተ ምሽት ላይ ከሆነ (እስከ ማታ 4 ሰዓት) በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም፣ ካሸር ግን የሥራ መሪ አይደለም። «ሒሳብ መዝጋት ሥራ አይባልም» የሚል አለቃ ካለ የምትገባበትንና የምትወጣበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፍ፤ ያልተጻፈ ሰዓት ለማንም አይታይም። ከተቻለ ደግሞ የሚዘጋውን ሰው ተራ በተራ ማድረግ ነው፤ በሳምንት ሁለት ምሽት በ12 ሰዓት መውጣት እራትህን ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል።

ውኃ ጥም ከበዛ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግመህ ከተነሣህ፣ ሳትፈልግ ክብደት ከቀነስክ ሦስት ወር አትጠብቅ፣ ያኔውኑ ታይ። ግፊት 180/120 ሆኖ የደረት ሕመም፣ የዐይን ብዥታ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ካለ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው። ካልሆነ ከ12 ሳምንት በኋላ የባዶ ሆድ ስኳር፣ ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ፣ የቅባት ምርመራና ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) አሠራ። ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ያሳያል፤ የደም ማነስ ካለብህ ግን ሊያሳስት ስለሚችል ለሐኪሙ ንገረው። እስከዚያው የወገብህን ሳንቲሜትር ለካና እዚሁ ጻፍልን፤ ያ ሳይታወቅ ሦስተኛው መለኪያ ይኑር አይኑር ማለት አይቻልም።