የልብስ ታሪክ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣

በባሕር ዳር የፋሽን ዲዛይን ተመራቂ መሆንሽን፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽም እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን ስለቀረበው «የአልባሳት ቤተ መንግሥት» መሆኑን ገልጸሽልናል። ፈረንሳይ ሄደሽ የፋሽን ታሪክ በማስተርስ ለመማርና በሙዚየም ለመሥራት ትፈልጊያለሽ። አባትሽ በጋርመንት ፋብሪካ የተገኘልሽን ሥራ እንድትይዢ ይወተውቱሻል፤ ከዱባይ ገንዘብ እየላኩ ያስተማሩሽ አክስትሽ ደግሞ «የሞተ ሰው ልብስ እንጀራ አይሆንም» ብለውሻል።

አክስትሽ ተሳስተዋል፤ የአንቺም መንገድ ግን ትክክል አይደለም። ያን የአልባሳት ቤተ መንግሥት ያሰናዳው የታሪክ ምሁር ሳይሆን በፓሪስ የታወቀው የልብስ ቤት ባለቤት ፌሊክስ ነበር። ከጥንት ዘመን እስከ 1900 የነበረውን አለባበስ በሰም ምስሎች ላይ ያሳዩት ልብሶች በአብዛኛው ለኤግዚቢሽኑ ተብለው አዲስ ተቆርጠው የተሰፉ ሲሆኑ፣ በዚያው ቤት የአርኪዮሎጂ ባለሙያው አልቤር ጋዬ በግብፅ ከጥንታዊቷ ከተማ ከአንቲኖኤ መቃብሮች ያወጣቸው እውነተኛ ጥንታዊ ጨርቆችም ቀርበው ነበር። ስለዚህ ጎብኚው በአንድ ጣሪያ ሥር የሁለት ሙያ ውጤት ተመልክቷል፤ አንዱ የጠፋን ልብስ መልሶ የመሥራት ሙያ ሲሆን ሌላው የተረፈውን የመጠበቅ ሙያ ነው። ሁለቱም የእጅ ሥራዎች ናቸው።

የላክሽልን ምዕራፍ ስለ ነገሥታትና ስለ ንግሥቶች ብዙ ይናገራል፤ ስለ አንድ ስፌት እንኳ ግን አይናገርም። የአንቲኖኤን ጨርቆች ደረቁ የበረሃ አሸዋ ለዘመናት አቆይቷቸዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከተሠራው ሐር ብዙው ግን ክብደት እንዲጨምር በቆርቆሮ ጨው ይነከር ስለነበር፣ ዛሬ በሣጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ራሱን በራሱ ይሰነጣጠቃል። ሙዚየም አጥብቆ የሚፈልገው ይህን ጉዳት ለይቶ የሚያዘገይን ሰው ነው፤ አንቺ በትምህርት ቤት የሰለቸሽ የጨርቃጨርቅ ኬሚስትሪም እዚህ ላይ ይጠቅምሻል።

በሌላ በኩል፣ በፋሽን መዲናዋ በፓሪስ እንኳ ይህ ሥራ ቦታ ያገኘው ቀስ ብሎ ነው። ሠዓሊው ሞሪስ ለሏር የአልባሳት ታሪክ ማኅበርን እ.ኤ.አ. በ1907 መሠረተ፤ ማኅበሩ ስብስቡን በ1920 ለከተማዋ ሰጠ፤ የከተማዋ የፋሽን ሙዚየም በጋሊዬራ ቤተ መንግሥት የተከፈተው በ1977 ነው። የሥራ መደቡ ዛሬም ጥቂት ስለሆነ ቤተሰብን አስበድሮ ለማስተርስ መሄድን አልመክርም። በፈረንሳይ የጨርቃጨርቅ ጥገና የሚያስተምረው ብሔራዊ የቅርስ ተቋም ተማሪ የሚቀበለው በውድድር ሲሆን፣ የእጅ ቅልጥፍናም ይፈተናል።

ፋብሪካውን ያዢ፤ ነገር ግን ከጥራት ቁጥጥር ይልቅ በፓተርን (የልብስ መቁረጫ ንድፍ) እና በሳምፕል (የናሙና ልብስ) ክፍል እንዲመድቡሽ አጥብቀሽ ጠይቂ። እኔም ወደዚህ ምክር ወንበር የመጣሁት ከመቁረጫ ጠረጴዛ ስለሆነ ለመቀስ ሳላዳላ አልቀርም። ሆኖም ሳምፕል ክፍል ውስጥ የቆየ ሰው ልብስን ገልብጦ ማንበብ ይችላል፤ ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘ ሰው አላጋጠመኝም።

አክስትሽ ስለከፈሉልሽ ምስጋናም ዕዳም አለብሽ፤ ሙያሽን የመምረጥ መብት ግን በዚያ ገንዘብ አልገዙም። ለቤተሰብ በየወሩ የምትሰጪውን መጠን የመጀመሪያው ደመወዝ እጅሽ ሳይገባ ቁጭ ብላችሁ ወስኑ፤ ልክ ያልተበጀለት እርዳታ ደመወዝሽን ሙሉ በሙሉ ይበላዋል። ፈረንሳይኛውን ከአሁኑ ጀምሪ። «በ24 ዓመቴ ዘግይቻለሁ» ማለትሽን ግን አልተቀበልኩትም።

ጽሑፍሽን ከማስረከብሽ በፊት አንድ ምዕራፍ ጨምሪበት። ከፌሊክስ ልብሶች ፎቶግራፍ ያለውን አንዱን መርጠሽ ፓተርኑን አውጪ፣ በአቡጀዴ ስፊው፣ የት ላይ እምቢ እንዳለሽና ለምን እንደሆነ ከሥዕል ጋር ጻፊ። ወደፊት ለማመልከቻ የምታያይዢውም ይህንኑ ነው።