የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኦዲተሩ ክፍያ ላይ ሲፈርም

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ የሕንፃ መሣሪያ በጅምላና በችርቻሮ የሚሸጥ የቤተሰብ ድርጅት አለን። መጋዘናችን ሳቢያን፣ ሁለቱ ሱቆቻችን ደግሞ ከዚራና መጋላ ይገኛሉ። በየዓመቱ ሰኔ 30 ዕቃው ሲቆጠር ከመዝገብ ጋር ይስማማል፤ ትርፉ ግን ከሽያጩ ጋር አይመጣጠንም። ዓምና የውስጥ ኦዲተር ቀጥረን ያለ እርሱ ፊርማ ምንም ክፍያ እንዳይወጣ ብናደርግም ለውጥ አላየንም። መጋዘኑን የያዘው የባለቤቴ ወንድም ሲሆን ታማኝነቱን አልጠራጠርም። የኦዲትና የአመራር ሥርዓታችንን እንዴት ብናደራጅ ይሻላል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ የኦዲተሩ ፊርማ ነው። «ቅድመ ኦዲት» እየተባለ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተለመደው ይህ አሠራር ጥብቅ ቁጥጥር መስሎ ቢታይም፣ በክፍያ ሰነዱ ላይ የፈረመው ሰው ከወራት በኋላ ያንኑ ክፍያ ልመርምር ሲል የሚመረምረው የገዛ ሥራውን ይሆናል። ከዚህም በላይ የሂሳብ ሠራተኛውና የሱቅ ኃላፊው በየፊናቸው ማጣራት የሚገባቸውን «ኦዲት ያየዋል» እያሉ ይተዉታል። ዓለም አቀፉ የውስጥ ኦዲተሮች ኢንስቲትዩት በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሦስት መስመሮች ሞዴል ዕለታዊ ሥራውንም ሆነ የሥጋት ቁጥጥሩን የአመራሩ ኃላፊነት አድርጎ፣ የውስጥ ኦዲቱን ከሁለቱም ለይቶ ያስቀመጠው ስለዚህ ነው። እንግዲህ የኦዲተሩን ፊርማ ከክፍያ ሰነዱ ላይ ያንሱ፤ የማጽደቅ ሥልጣኑን በገንዘብ መጠን ከፍለው፣ አነስተኛውን ለሂሳብ ኃላፊው ሰጥተው ከዚያ በላይ ያለውን ራስዎ ይያዙ። ኦዲተሩም ሪፖርቱን የሚያቀርበው በቀጥታ ለእርስዎ ወይም ለማኅበርተኞቹ እንጂ ለሂሳብ ኃላፊው አይሁን።

ቀጥሎ የሚመጣው ኦዲተሩ ምን ይመርምር የሚለው ነው። ከሌላ ድርጅት የተቀዳ የጥያቄ ዝርዝር እየያዘ በሁሉም ክፍል እኩል ቀን የሚያሳልፍ ኦዲተር ብዙ ወረቀት ያከማቻል፤ የጎደለውን ግን እምብዛም አያገኝም። ዕቅዱ መነሳት ያለበት ዕቃው ከአቅራቢው ተነስቶ ዋጋው ባንክ እስኪገባ ባለው መንገድ ላይ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚተላለፍባቸውን ቦታዎች ለይቶ፣ በየትኛው ላይ ብዙ ብር ሊጠፋ እንደሚችል ከመመዘን ነው። በእርስዎ ንግድ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው ፌሮን ነው፤ ምክንያቱም ፌሮ የሚገዛው በኪሎ፣ የሚሸጠው ግን በቤርጋ፣ ማለትም በዘንግ ቁጥር ነው። ባለ 12 ፌሮ (ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነው) መጠኑን የጠበቀ ከሆነ በሜትር 0.888 ኪሎ ስለሚመዝን 12 ሜትሩ ቤርጋ 10.66 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ከአንድ ቶንም ወደ 94 ቤርጋ ይወጣል። የገባው ፌሮ ትንሽ ቀጭን ሆኖ አንዱ ቤርጋ 10.2 ኪሎ ብቻ ቢመዝን ግን ከዚያው ቶን 98 ቤርጋ ይገኛል። መዝገብዎ ኪሎውን በመደበኛው ክብደት እያካፈለ 94 ብሎ የሚይዝ ከሆነ፣ አራቱ ቤርጋ በየትኛውም ደብተር የሌሉ፣ ቢወጡም ጉድለት የማያሳዩ ዕቃዎች ናቸው። ቆጠራው ከመዝገብ ጋር እየተስማማ ትርፉ የሚሳሳበት አንዱ መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ዕቃው ሲራገፍ ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂት ቤርጋዎች ተመዝነው፣ የተመዘነውም የተቆጠረውም በመረከቢያ ሰነዱ ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ። ቀጭን ፌሮ በሙሉ መጠን ስም መሸጥ ደግሞ ከሂሳብ ጉድለት አልፎ በደንበኛው ሕንፃ ላይ የሚፈጸም በደል ስለሆነ፣ ይህ ምዘና ለእርስዎም ስም ይጠቅማል።

የሰኔ 30 ቆጠራ ለበጀት ዓመቱ መዝጊያ የግድ ቢሆንም እንደ ቁጥጥር ግን ደካማ ነው። ቀኑን ሁሉም ሰው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የጎደለ ካለም ከጎረቤት መጋዘን ለሁለት ቀን ተውሶ መሙላት ይቻላል። ስለዚህ ውድ የሆኑትንና ቶሎ ቶሎ የሚንቀሳቀሱትን ዕቃዎች በየወሩ፣ የቀሩትን በየሩብ ዓመቱ፣ ቀኑ ሳይነገር ማስቆጠር ይገባል። የድሬዳዋ ነጋዴ በሙቀቱ ምክንያት ቀትር ላይ ዘግቶ ወደ ማምሻው መክፈቱ እዚህ ላይ ያግዛል፤ በዚያ ሰዓት ዕቃ ስለማይገባም ስለማይወጣም ቆጠራው አይምታታም። ቆጣሪው ቢን ካርዱን፣ ማለትም የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን የመጋዘን ካርድ ሳያይ ቆጥሮ ከጻፈ በኋላ ማመሳከሩ የተሻለ ነው፤ ቁጥሩን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ያንኑ ቁጥር ያገኛልና። ሲሚንቶ ሲቆጠር የገባበት ቀንም ይታይ፤ ሦስት ወር አልፎት ከግድግዳ ሥር የጠጠረ ከረጢት በቁጥር ሙሉ ሆኖ በዋጋ ግን ባዶ ነው።

ስለ ባለቤትዎ ወንድም የጻፉትን በጥንቃቄ አንብቤያለሁ። ታማኝነቱን እርስዎ ስለሚያውቁ እኔ የምጨምረው የለኝም። ይሁን እንጂ ዕቃ እንዲወጣ የሚያዝ፣ ዕቃውን የሚጠብቅና ወጪውን የሚመዘግብ ሦስት የተለያየ ሰው ካልሆነ፣ አንድ ቀን ጉድለት ቢገኝ ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይበት ማስረጃ የሚያጣው እርሱ ራሱ ነው። ጉዳዩን በዚህ መንገድ ቢያስረዱት ቅሬታ ሳይፈጠር ይቀበለዋል ብዬ አስባለሁ። የዓመት ዕረፍቱንም ይውሰድ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ዕረፍት ያገኛል። ርክክብ ተደርጎ በእነዚህ ቀናት ቁልፉን ሌላ ሰው ሲይዝ በኦዲት ያልታየ ብዙ ነገር ይታያል። ዕረፍት ወጥቶ የማያውቅ ንብረት ጠባቂ ባለበት ድርጅት ኦዲተሩ ሥራውን ከዚያ ቢጀምር አይሳሳትም።

በሱቆቹ በኩል የዱቤ ሽያጭን ጣሪያ ወስነው ከዚያ በላይ ያለውን በጽሑፍ ያጽድቁ። በቴሌብርና በባንክ ዝውውር የተከፈለውን ሻጩ በደንበኛው ስልክ ላይ ባየው ምስል ብቻ አምኖ ዕቃ እንዳያስረክብ አድርጉ፤ በየማታውም የዕለቱን ጠቅላላ ሽያጭ የሚያሳየው የካሽ ሬጂስተሩ ዜድ ሪፖርት ከጥሬ ገንዘቡና ከሂሳብ መግለጫው ጋር ይመሳከር። ይህ የሂሳብ ሠራተኛው የዕለት ሥራ ሲሆን፣ ኦዲተሩ የሚያየው በትክክል መሠራቱን ነው።

በመጨረሻም ስለ ግኝት አያያዝ። አንድ ግኝት ምን እንደተገኘ፣ ከየትኛው መመሪያ ጋር እንደሚጋጭ፣ ለምን እንደተፈጠረና ምን እንዳስከተለ ካልገለጸ ክስ እንጂ ኦዲት አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው «ለምን» የሚለው ሲሆን፣ ሠራተኛ ተቀጥቶ ጉድለቱ የሚደጋገመውም በዚሁ የተነሳ ነው። ለእያንዳንዱ ግኝት የሚያስተካክለው ሰውና ቀኑ ተጽፎ፣ እርስዎ በሚመሩት ወርኃዊ ስብሰባ የአጀንዳው መጀመሪያ ይሁን። በሁለት ተከታታይ ሪፖርቶች የተደገመ ግኝት ካለ ተጠያቂው ሠራተኛው ሳይሆን አመራሩ ነው፤ ይህ እርስዎንም ይጨምራል።

ጥያቄ፦ በሐረር ከእኅቶቼ ጋር ዳቦ ቤት አለን። የውጭ ኦዲተራችን ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ሰጥቶናል። ይህ ምንም ገንዘብ አልጠፋም ማለት ነው? (ከሐረር)

መልስ፦ አይደለም። የውጭ ኦዲተሩ የሚመሰክረው የሂሳብ መግለጫዎቹ ጉልህ ከሆነ ስሕተት ነጻ ሆነው በተገቢው መንገድ መቅረባቸውን ነው፤ የሚመረምረውም በናሙና እንጂ እያንዳንዱን ሽያጭ አይደለም። ከእያንዳንዱ ኩንታል ዱቄት ስንት ዳቦ መውጣት እንዳለበትና ስንት እንደወጣ በየቀኑ ማነጻጸር የእናንተ ድርሻ ነው፤ ለዳቦ ቤት ከዚህ የሚበልጥ የቁጥጥር መሣሪያ አላውቅም። ኦዲተሩ በሥራው ላይ ያያቸውን የቁጥጥር ክፍተቶች የሚዘረዝርበት ማኔጅመንት ሌተር የሚባል ደብዳቤም አለ። ከአስተያየቱ ጋር ካልደረሳችሁ ጠይቁ፤ ከደረሳችሁም ሁላችሁም አብራችሁ አንብቡት፤ የሚስተካከለውን ለይታችሁ ለሚቀጥለው ዓመት ኦዲት ኦዲተሩ ከመምጣቱ በፊት ጨርሱት።